ስልሳ ሁለት ክፍት ጀርባ

በእውነት የሆነ ነገር ነው የምጽፈው። ፈጠራ የሚመስለው ሰው እዚሁ ጋ ያቁም፣ አልለምነውም።

ጊዜም የለኝም። ሕፃኗ ተኝታለች፣ እስክትነቃ ነው። እግሬ ሥር ውሃ ፈስሷል፣ አልጠረግሁትም።

ማክሰኞ ነበር። ሚያዝያ 2006። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር። ቃሊቲ፣ መጋዘኖቹ መሀል ባለች አንዲት የምርምር ክፍል ውስጥ።

ጨለማ የለም። ሻማ የለም። የጅብ ድምፅ የለም። ውጪ የባቡሩን መስመር የሚቆፍሩት ማሽኖች ይጮሃሉ፣ አቧራው በመስኮት ይገባል። በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ስሜ ናዕማ ነው። ሥራዬ የእንቁራሪት ጽንስ ማሳደግ ነበር።

ሳቁ። ሰፈሬም ሲስቅብኝ ነው የኖረው።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ እሱ ካልገባችሁ ቀሪው አይገባችሁም።

የእንቁራሪት ጽንስ መጀመሪያ ክብ ናት፣ የሰናፍጭ ፍሬ ብታክል ነው። በማግሥቱ ጀርባዋ ላይ ጠፍጣፋ ነገር ይወጣል። የጠፍጣፋው ጠርዝ ከግራም ከቀኝም ቀና ይላል፣ ይገናኛል፣ እንደ ሳምቡሳ ጠርዝ ተጣብቆ ይዘጋል። ቱቦ ይሆናል። የቱቦው አንድ ጫፍ አንጎል ነው። የቀረው ሰረሰር።

የሰውም እንደዚሁ ነው። መንገዱ አንድ ነው።

ካልተዘጋ... ካልተዘጋ በቃ።

እንዲዘጋ የሚያዙት ጂኖች ናቸው። ጂኑ ሁሉም ሴል ውስጥ አለ፣ እግርም ውስጥ ሆድም ውስጥ። ልክ እንደ ቀበሌ ፋይል ነው። ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ግን ፈርሞ የሚያስከፍተው ከሌለ ምንም አይሠራም። የኔ ሥራ የቱ ፋይል በስንት ሰዓት ተከፈተ፣ የቱ ተዘጋ ብሎ ማየት ነው። ቀለም አለን። ጂኑ የተከፈተበት ቦታ ሐምራዊ ይሆናል።

ጥናቱ ስለ አቃቂ ወንዝ ነበር። አንዱ ሳህን ውስጥ የወንዝ ውሃ፣ ሌላው ውስጥ ንጹሕ ውሃ። የወንዙ ጽንስ ይበላሻል፣ የንጹሑ በሰዓቱ ይዘጋል፣ እኛ ልዩነቱን እንጽፋለን።

ያን ቀን ማይክሮስኮፑ ሥር ያስገባሁት የንጹሑን ሳህን ነው።

ስልሳ ሁለት ጽንስ።

አንዱም አልተዘጋም።

ሰዓታቸው አልፏል፣ ጀርባቸው ግን ክፍት ነው። ከጭንቅላት እስከ ጭራ። እንደ ከንፈር... የሆነ ነገር ሊናገር እንደተከፈተ ከንፈር።

የወንዙን አየሁ። ግማሹ ተዘግቷል። ከቆሻሻው ንጹሑ ብሷል።

ሁለተኛው ነገር ቀስ ብሎ ነው የታየኝ።

ጽንስ እንደወደቀ ነው የሚተኛው። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። እነዚህ ግን ጭንቅላታቸው አንድ አቅጣጫ ነው። ስልሳ ሁለቱም።

ወደ መስኮቱ።

ሳህኑን ግማሽ ዙር አዞርኩት። አሁን ጭራቸው ወደ መስኮቱ ሆነ። ሄጄ ፒፔቴን፣ የውሃ መምጠጫዋን፣ አጠብኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ተመለስኩ።

ጭንቅላታቸው... ወደ መስኮቱ።

ከዚያ መስኮት ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ሰው አቃቂ በሰቃ ይደርሳል። ሰፈሬ ነው።

"ናዕማ።"

ዘልዬ ልወድቅ ነበር። እማማ ዳሲቱ ናቸው፣ የጽዳት ሠራተኛችን። የበሰቃ፣ የሰፈሬ ሰው ናቸው፣ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ። በሩ ላይ መወልወያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ሳያንኳኩ ገብተው እግርሽን አንሺ ይሉኛል። ያን ቀን አልገቡም።

"ትልልቆቹን አየሻቸው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ትልልቆቹ እንቁራሪቶች ጥግ ያለው ገንዳ ውስጥ ናቸው። አሥራ አራት ናቸው። ሁልጊዜ ውሃው ሥር ጣ ጣ ጣ ይላሉ፣ ስለለመድነው አንሰማውም። ያን ጊዜ ነው ድምፁ አለመኖሩን ያወቅኩት።

ገንዳው ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ አሥራ አራቱም ተደራርበዋል። አንዱ በአንዱ ላይ። ዝም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጠዋት። እኔ አልወደድኩትም ልጄ።"

እኔም አልወደድኩትም። ግን የተማርኩ ነኝ አይደል። ስለ ውሃው ጠየቅኳቸው። ምናልባት ማጣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ።

ማጣሪያው ደርቋል አሉኝ። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ። አለቃችን ዶክተሩ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ውሃ እንዲያመጡ አዟቸዋል፣ ከየት እንደሚያመጡ ግን አልነገራቸውም። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለት ጀሪካን ሞልተው በሰርቪስ ይዘው ይመጣሉ፣ ንጹሕ የሚል በተጻፈበት በርሜል ይገለብጣሉ።

"ከየት ነው የሚቀዱት?"

"ከአባትሽ ጉድጓድ ነዋ።"

ዞሬ በርሜሉን አየሁት።

"ከሱ የጠራ ውሃ የት አለ?" አሉኝ። እንደ ስጦታ ነበር የሚያወሩት።

በሳቸው መቆጣት አልቻልኩም። ይሄ ነው የሚያናድደው።

አባቴ ያን ጉድጓድ የቆፈረው ለሰደቃ ነው። ከስልጤ መጥቶ በሰቃ ሱቅ ከፍቶ፣ ጎረቤቱ ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት አይቶ፣ ግቢው ውስጥ አስቆፈረና አጥሩን አፈረሰው። ክርስቲያን ይቅዳ፣ ሙስሊም ይቅዳ። ሞቶም ምንዳው አይቋረጥም ብሎ። ሃያ ዓመት ሰፈሩ ይጠጣል። እኔ አድጌበታለሁ።

እህቴ ሐጀራ ደግሞ እዚያው ግቢ ነው ከባሏ ጋር የምትኖረው።

ሐጀራ ባለፈው ዓመት ወልዳለች። ልጁ የጭንቅላት ክዳን አልነበረውም። ጭንቅላቱ ዓይኑ ላይ ያልቃል። ከአንድ አዛን እስከ ሌላው አዛን ኖረ። አማቷ ዓይን ነው አለች። አንዷ ነፋስ ነው አለች። አንዷ ደግሞ፣ እዚያው ለቅሶው ላይ፣ ምን ሠርታ ይሆን አለች። አንዳቸውም ስለ ውሃ አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። የተማርኩት።

አሁን እንደገና አርግዛለች። ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። ወር አበባዋ ከቀረ አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር።

ቆጠርኩ። የሰው ልጅ ቱቦ የሚዘጋው ከተጸነሰ በሃያ ስምንተኛው ቀን ገደማ ነው። ጽንስ የሚያዘው ወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፣ ስለዚህ እሷ ሃያ ስድስተኛው ላይ ናት።

ሁለት ቀን።

ባለፈው ሳምንት ከዚያው በርሜል ያደጉት ቀለማቸው ደርሶ ነበር። አወጣኋቸው። ጀርባቸው ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሐምራዊ መስመር መኖር አለበት።

የለም። ፋይሉ አልተከፈተም።

ይልቅ አንዲት ነጥብ አለች። ሁሉም ላይ። ግንባራቸው መሀል። ያ ጂን እዚያ ምንም ሥራ የለውም። ግን እዚያ ነው የተከፈተው... ክብ፣ ሐምራዊ፣ ወደ ፊት የሚያይ ነገር መስላ።

ዶክተር ቀናውን ጠራሁት። አለቃችን ነው፣ የክፍሉም የአንድ ለአምስቱም። ስቴኪኒ አፉ ውስጥ ይዞ መጣ። ማይክሮስኮፑ ላይ ሦስት ሰከንድ ብቻ ጎንበስ አለ።

"ማነጻጸሪያው ተበላሽቷል። ድፊው።"

"ዶክተር፣ እህቴ ይሄን ውሃ ነው የምትጠጣው። ነፍሰ ጡር ናት።"

"እንቁራሪት ሰው አይደለም፣ ናዕማ።"

"አቅጣጫቸውንስ አይተውታል?"

"የምን አቅጣጫ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ተበትነዋል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ልክ እንደ ማንኛውም ጽንስ።

ሪፖርቱ ሐሙስ መውጣት እንዳለበት ነገረኝ። ንጹሑ ንጹሕ ነው ብዬ እንድጽፍ ነገረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ እንዳለን፣ ባለፈው ግምገማ ላይ ስለ ቁጡነቴ የተባለውን እንዳልረሳ ነገረኝ። ከዚያ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ አየኋቸው። በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በዓይኔ።

ዞሩ። ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ፣ በዝግታ... ወደ መስኮቱ።

ፎቶ አነሳኋቸው። ስምንት ሰዓት ከአርባ ይላል ኮምፒውተሩ። ከዚያ ፎርማሊን ውስጥ ከተትኳቸው። ገደልኳቸው ማለት ነው። ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ ከደንኩ፣ ቀኑን ጻፍኩበት። ሬሳ እንደሚወድቀው እንደነገሩ ታች ወረዱ።

ቦርሳዬን አነሳሁ። ልወጣ ስል ዞር ብዬ አየሁ።

የሞተ ነገር አይዞርም።

እነሱ ግን ዞረዋል።

ስብሰባውን ትቼ ወጣሁ። መንገዱ በሙሉ ተቆፍሯል፣ ታክሲው እየተንፏቀቀ። ወያላው ሁለቴ መልስ ሊሰጠኝ ሞከረ፣ አልሰማሁትም። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት እያልኩ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ግቢው ደረስኩ። እንደ ሁልጊዜው የጀሪካን ሰልፍ አለ። ሐጀራ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ቀይ ኩባያ ይዛለች፣ ሞልታ፣ ከንፈሯ ጋ አድርሳዋለች።

መታሁት። በእጄ ጀርባ፣ በሙሉ ኃይሌ። ኩባያው ግድግዳው ጋ ደረሰ።

ሰልፉ በሙሉ ወደኔ ዞረ።

"አመመሽ?" አለችኝ ሐጀራ።

"ከዚህ ውሃ አትጠጪም።"

"የአባዬን ውሃ?"

"የማንም ይሁን።"

ጆሮዋ ጋ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳት። ክፍት ጀርባ፣ ሃያ ስምንት ቀን፣ ያለፈው ዓመት ልጅ። ሁለት ቀን ብቻ ታገሺኝ አልኳት፣ ከዚያ ውሃው ይመረመራል። በትዕግሥት ሰማችኝ። ፊቷ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም።

"እንቁራሪት ነው የነገረሽ?"

"አዎ።"

ሰልፉ ላይ የነበረች መሰለች የምትባል ጎረቤታችን ሳቀች። ተምራ ተምራ የአባቷን ሰደቃ ልታረክስ መጣች አለች፣ እኔ እንድሰማ አድርጋ። ሌላዋ ጂን ተምራ ጂን ያዛት አለች። ሳቁ።

ሐጀራ ኩባያውን አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው።

"ዱዓ አድርጌበት ነው የምጠጣው" አለችኝ። "ያንን ልጅ ያጣሁት ለቅሶው ላይ እንዳሉት በዓይን ነው። ይሄኛውን አባዬ ይጠብቅልኛል።"

ባልዲው ውስጥ ነከረችው።

እልህ ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ማስረዳት ይቻል ነበር። ማልቀስ ይቻል ነበር። እኔ ግን ማስረዳት ሰልችቶኛል። ዶክተሩን አስረድቻለሁ። ስቴኪኒውን ነው ያላመጠብኝ።

ባሏ ረሻድ በር ላይ ያለችውን ሱቅ ነው የሚሠራው። ሮጬ ገባሁ፣ ሃያ ሊትር የላምባ ጀሪካን መሬት ላይ አለ፣ ጎትቼ አወጣሁት። ረሻድ ምን ልታደርጊ ነው እያለ ተከተለኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥኩት። እስከ ጠብታው።

ማንም አልጮኸም። ሁሉም ቢጮህ ይሻል ነበር። ሽታው ብቻ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ባዶ ጀሪካናቸውን አንስተው እግሬ ሥር ምራቃቸውን ተፉና ሄዱ።

"አባዬን ሁለቴ ቀበርሽው" አለች ሐጀራ። ቀስ ብላ።

መልስ ልሰጣት ነበር። ግን ከሥር የሆነ ድምፅ ሰማሁ።

ከጉድጓዱ ሥር። ከላምባው ሥር።

ከንፈር ሲገጥም የሚያሰማው ድምፅ። ብዙ ከንፈር... አንዱ ከሌላው ተከትሎ... ከዚያ ዝም።

ሐጀራን አየኋት። ሰምታለች። እስከ ዛሬ ስጠይቃት አልሰማሁም ትላለች።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። ትልልቆቹ እንቁራሪቶች ገንዳው ውስጥ ተበትነው ጣ ጣ ይላሉ። ብልቃጡን አነሳሁ። ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩት።

ተዘግተዋል።

ስልሳ ሁለቱም። ጀርባቸው ላይ ቀጭን መስመር ብቻ አለ፣ እንደ ጥሩ ስፌት። ፎርማሊን ውስጥ ያደሩ ናቸው እኮ። የሞቱ። አሁን እንደነገሩ ተበታትነዋል፣ ጭንቅላታቸውም ወደ የትም አይደለም።

ዶክተር ቀናው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ገፋ አድርጎኝ አየ።

"አላልኩሽም?" አለኝ።

ፎቶውን ከፈትኩለት። ስምንት ሰዓት ከአርባ፣ ስልሳ ሁለት ክፍት ጀርባ። የወንዙን ሳህን ነው ያነሳሽው አለኝ። ተሳስተሻል። እረፍት ውሰጂ። ሐሙስ ሪፖርቱ ወጣ፣ ንጹሑ ንጹሕ ነው፣ የኔም ስም ከታች አለ። ሳይጠይቀኝ።

ዓርብ ለቀቅኩ። ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው የወጣሁት።

ጉድጓዱ ይመርመርልን ብዬ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ማመልከቻው ፋይል ሆኗል፣ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ ረሻድ ራሱ በሲሚንቶ ደፈነው።

ሐጀራ ስምንት ወር አላናገረችኝም። ግን ላምባ የገባበት ውሃ አይጠጣምና የታሸገ ጠጣች። ታኅሣሥ ላይ ወለደች። ሳትጠራኝ ሄድኩ። ልጅቷን ገልብጬ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ በጣቴ ሄድኩበት። እያንዳንዷን አጥንት።

ዝግ ነው።

"ላምባሽ እስካሁን ይሸተኛል" አለችኝ ሐጀራ። ከዚያ ልጅቷን አቀፍኳት፣ አልወሰደችብኝም።

ስሟ ሰሀር ነው። አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። እናቷ ሱቅ ስትውል እኔ ጋ፣ ከባሌ ጋር በተከራየነው የቃሊቲ ቤት፣ ትውላለች። አሁን ያስተኛኋት እሷን ነው።

ብልቃጡ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው ያለው። በየሳምንቱ አየዋለሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላው፣ ምንም የለም። ዝግ ጀርባ፣ የተበተነ ጭንቅላት። መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ጠማኝ። ከቧንቧ ቀዳሁ። ቧንቧ ነው፣ የመንግሥት፣ መላው ሰፈር የሚጠጣው። ሰሀር ምንጣፉ ላይ ተኝታ ነበር።

ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ከኋላዬ እግር ሰማሁ።

መጣች። ዓይኗ እንደተከደነ ነው። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ወጣች። እጇን አነሳች...

መታችው። በእጇ ጀርባ። በሙሉ ኃይሏ። ብርጭቆው ግድግዳው ጋ ደረሰ።

ማንም አልነገራትም። እኔና ሐጀራ ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም።

አንድ ቃል አልተናገረችም። ወርዳ፣ ምንጣፏ ላይ ተመልሳ፣ ተኛች።

ብልቃጡን አወረድኩት። ማይክሮስኮፕ የለኝም፣ በአጉሊ መነጽር ነው ያየሁት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ።

ስፌቱ ተፈቷል። ጀርባቸው ክፍት ነው።

ወር አበባዬ ከቀረ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። ለባሌ አልነገርኩም። ለሐጀራ አልነገርኩም። ይሄን እስክጽፍ ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ተነስቼ በሩ ጋ ሄድኩ። ተመለስኩ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ተመለስኩ።

ስልሳ ሁለቱም ጭንቅላት... በሄድኩበት ይዞራል።